ቀስቷ የት ሄደች? የማውስ ቀስት፣ ዓይናችሁ እና እጃችሁ



የዛሬው ርዕስ ለጤና ገጽ ትንሽ ይገርማል። "ዶክተሩ ደግሞ ኮምፒውተር ጥገና ገባ እንዴ?" የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍረዱ።

ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ አብራ የምትሄደውን ትንሽ ነጭ ቀስት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከርሰር የሚላት አለ፣ ፖይንተር የሚላት አለ፤ እዚህ ዝም ብለን ቀስት እንበላት። የብዙ ሰው ቀስት ኮምፒውተሩ ሲገዛ እንደነበረች ናት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ፍጥነቷንም ሌላ ሰው የመረጠላት። መጠኗን፣ ቀለሟንና ፍጥነቷን መቀየር እንደሚቻል የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ለጌጥ ነው የሚቀይራት። እኔ የማወራችሁ ግን ስለ ጌጥ አይደለም።

ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብዬ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ አለ። ሰውየው የቢሮ ሰው ነው፤ ባንክ፣ ሂሳብ ክፍል ወይ መዝገብ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ይውላል። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። "ዶክተር፣ ከሰዓት በኋላ ግንባሬን ይወቅረኛል፣ ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ትከሻዬን ይቆረጥመኛል። ብርድ ነው መሰለኝ" ይለኛል። በብርድ ስም ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየተገዛ ለወራት ተውጧል፤ ጨጓራውም ማቃጠል ጀምሯል። (በነገራችን ላይ ዳይክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት የሚዋጥ መድኃኒት አይደለም። ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ደም ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል።)

"እስቲ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳዩኝ" ስላቸው ብዙዎቹ አገጫቸውን ወደፊት ገፋ፣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከወንበሩ መደገፊያ ተላቀው ወደማይታየው ስክሪን ይጠጋሉ። ምን እየፈለጉ ነው? ጽሑፉን እንዳይመስላችሁ፤ ጽሑፉን ማጉላት ያውቁበታል። "ቀስቷ ትጠፋብኛለች" ነው የሚሉኝ።

እስቲ አስቡት። ኤክሴል ነጭ ነው፣ ወርድ ነጭ ነው፣ ኢሜይል ነጭ ነው። ቀስቷም ነጭ ናት፤ የሚለያት ዙሪያዋን ያለች ክር የምታህል ጥቁር መስመር ብቻ ናት። ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ደግሞ ቀስት መሆኗ ይቀርና ቀጭን ቋሚ መስመር ትሆናለች። እሷንማ ጤነኛ ዓይንም ይስታታል። ሰው ያጣትን ቀስት ሲፈልግ ማውሱን ወዲያ ወዲህ ያራግባል፣ ፊቱን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ያጠባል። ይሄ በቀን አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ዋጋ አለው።

የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ ክብደቱን የሚሸከመው አከርካሪ ነው፤ አንገታችሁን ወደፊት ስታስግጉ ግን የማጅራት ጡንቻዎች እንዳይወድቅ ጎትተው ይይዙታል። የሞላ ጀሪካን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ መያዝና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መያዝ አንድ አይደለም አይደል? እንደዚያው ነው። ዓይን ማጥበብም ቢሆን ለጊዜው ነገሩን ጠራ ያደርገዋል፤ ነገር ግን በዓይን ዙሪያና በግንባር ያሉት ጡንቻዎች ለሰዓታት ሲጨማደዱ ይደክማሉ፣ ግንባር ያማል። በዚያ ላይ ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው በጣም ያነሰ ጊዜ ነው። እንባ ዓይንን የሚያረጥበው በመርገብገብ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፣ ይቀላል።

ለምን ከአርባ በኋላ? በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት እንደ ልብ ቅርጹን እየቀየረ ቅርብና ሩቅ ያሳየናል። ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀ ይሄድና ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቅርብ ያለ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል። በሽታ አይደለም፤ እንደ ሽበት ነው፣ ሁሉም ጋ ይመጣል። የንባብ መነጽር ይፈታዋል። ችግሩ ብዙ ሰው "መነጽር ካደረግኩ ዓይኔ ይለምዳል" ብሎ ይሸሸዋል። ዓይን መነጽር አይለምድም፤ መነጽር ብታደርጉም ባታደርጉም ሌንሱ መድረቁን አይተውም።

ሌላው ምክንያት ከእኛ ሳይሆን ከስክሪኑ ነው። ቀስቷ የምትሳለው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው። የዱሮው ላፕቶፕ ስክሪን በአግድም 1366 ነጥብ ከነበረው፣ ያው ስፋት ያለው አዲሱ 1920 ነጥብ አለው። ነጥቦቹ ስላነሱ፣ ሌላ ማስተካከያ ካልተደረገ በስተቀር፣ በዚያው የነጥብ ብዛት የተሳለችው ቀስት ወርዷ ከቀድሞው ወደ 70 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ "አዲሱ ላፕቶፕ ዓይኔን አጠፋው" የሚለው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ዓይኑ አልጠፋም እንጂ የሚፈልጋት ነገር በእርግጥ አንሳለች።

ቀስትን ለዓይን ብሎ ማስተካከል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ማውስን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳግላስ ኤንግልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ሲሠሩት የመጀመሪያው ከእንጨት የተሠራ ሳጥን ነበር፤ ለሕዝብ የታየውም በ1968 ነው። የያኔዋ ቀስት ቀጥ ብላ ወደ ላይ ነበር የምታመለክተው። በኋላ ዜሮክስ የሚባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘመም አደረጓት፤ ነጥባቸው ጥቂት በነበረ በዚያ ዘመን ስክሪኖች ላይ ቀጥ ያለችው በደንብ ስለማትለይ። እንግዲህ ያቺ ዘመም ማለቷ ራሷ ለዓይን ተብላ የመጣች ናት።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ዊንዶውስ 11 ያላችሁ ሴቲንግስ ግቡ፣ አክሰሰቢሊቲ የሚለውን ንኩ፣ ከዚያ ማውስ ፖይንተር ኤንድ ታች። ዊንዶውስ 10 ላይ መግቢያው ኢዝ ኦፍ አክሰስ ይባላል፤ እዚያ ውስጥ ማውስ ፖይንተር የሚል ታገኛላችሁ (አንዳንዱ ላይ ከርሰር ኤንድ ፖይንተር ይላል)። የምትጎተት መስመር ትመጣላችኋለች፣ ከ1 እስከ 15። አሁን ያላችሁት 1 ላይ ነው። ወደ ቀኝ ስትጎትቱ ቀስቷ እዚያው እያያችኋት ታድጋለች፤ ከላይ ያልኳችሁ የጽሑፍ ላይ ቀጭን መስመርም አብራ ትተልቃለች። በማክ ኮምፒውተር ደግሞ ሲስተም ሴቲንግስ፣ አክሰሰቢሊቲ፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ፖይንተር የሚል ክፍል አለ፤ መጠኑንም የውስጥና የዙሪያ ቀለሙንም እዚያው ትቀይራላችሁ። ዊንዶውስ 7 የያዙ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም ስላሉ ለእነሱም፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ማውስ፣ ፖይንተርስ፤ እዚያ ስኪም ከሚለው ዝርዝር ኤክስትራ ላርጅ የሚል ያለበትን ምረጡ።

ስንት ላይ ላድርገው? ብዙ ሰው ሲያገኘው ደስ ይለውና 15 ይጎትተዋል። እንዲህ ከሆነ ቀስቷ ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ ትሸፍንና ሌላ ጣጣ ታመጣለች። ከ3 ወይም ከ4 ጀምሩ። ልካችሁ መሆኑን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ ስክሪኑ የክንዳችሁን ርዝመት ያህል ይራቅ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እዩና ተመለሱ። ቀስቷን በአንድ እይታ፣ አንገታችሁን ሳታስግጉ ካገኛችኋት በቃ፣ ያ ነው መጠናችሁ። ካላገኛችኋት አንድ ጨምሩ። ቀስቷ ብትተልቅም የምትነካው በጫፏ ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ መጀመሪያ ሰሞን በሆዷ ለመጫን የሚሞክር አለ።

ቀለሙ ላይ ነው እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ዊንዶውስ አራት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ተገልባጭ፣ እና የፈለጋችሁት ቀለም። ቀኑን ሙሉ ነጭ ገጽ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥቁሯ ብቻዋን ትልቅ ለውጥ ናት። ጨለማ ገጽ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ጥቁሯ ትሰወራለች። ተገልባጯ ከሥሯ ያለውን ቀለም እየገለበጠች ነው የምትታየው፤ ነጭ ላይ ጥቁር፣ ጥቁር ላይ ነጭ ትሆናለች። ብልህ ነገር ናት፣ አንድ ድክመት ግን አላት፦ መሃል ሰፋሪ በሆነ ግራጫ ላይ ስትወጣ የግራጫ ግልባጭ ግራጫ ስለሆነ ትጠፋለች። አንዳንድ የሂሳብ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሙሉ ገጻቸው ግራጫ ነው፤ እነሱ ላይ የምትሠሩ አትምረጧት።

የራሳችሁን ቀለም ስትመርጡ ሰነድ ላይ ብዙ የማይገኝ ቀለም ይሁን፤ ደማቅ ሮዝ ወይም ወይን ጠጅ። "ቀይ ትጉላልኝ" የሚል አለ። ከወንዶች መሃል ከመቶ ጥቂቶቹ ከልደት ጀምሮ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለዩም፤ ብዙዎቹም ይህን ሳያውቁ ነው የሚያረጁት። ከእነሱ ለከፊሎቹ ቀይ ቀለም ራሱ ደብዝዞ ስለሚታያቸው ቀይ ቀስት ጥቁር ገጽ ላይ የለችም ማለት ነው። ለአባታችሁ ወይም ለአለቃችሁ ቀለም ስትመርጡ በእናንተ ዓይን አትምረጡ፤ እሱ ይምረጥ።

አንድ የምወዳት ነገር አለች። ሴቲንግስ ውስጥ ማውስ ግቡ፣ አዲሽናል ማውስ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ፖይንተር ኦፕሽንስ። ከታች በኩል ኮንትሮል ቁልፍ ሲጫን ቀስቷ ያለችበትን አሳይ የሚል ሳጥን አለ፤ ራይት አድርጉበት። ከዚያ በኋላ ቀስቷ ስትጠፋባችሁ ኮንትሮልን አንዴ ጫን ስታደርጉ ክብ እየጠበበ መጥቶ "እዚህ ናት" ይላችኋል። ማክ ላይ ደግሞ ማውሱን ቶሎ ቶሎ ስታራግቡት ቀስቷ ለቅጽበት ግዙፍ ትሆናለች። እዚያው ቦታ ቀስቷ ጭራ እንዲኖራት የሚያደርግ ምርጫም አለ። ለአንዳንዱ ይጠቅማል ይባላል፤ እኔ አልወደውም፣ ማይግሬን ያለበትና ቶሎ የሚያዞረው ሰውም ባይነካው ይሻላል።

እስካሁን ስለ ዓይን ነው። አሁን ወደ እጅ እንምጣ።

ቀስቷ በጣም ቀርፋፋ ከሆነች ስክሪኑን ለማቋረጥ ማውሱን እያነሳችሁ ሦስት አራት ጊዜ ትስባላችሁ፤ ትከሻና ክንድ ይደክማሉ። በጣም ፈጣን ከሆነች ደግሞ ትንሽ ነገር ላይ ለማቆም ማውሱን ጨብጣችሁ፣ የእጅ አንጓችሁን ገትራችሁ ነው የምትሠሩት፤ ጣቶችና የክንድ ጡንቻ ቀኑን ሙሉ ተወጥረው ይውላሉ። ፍጥነቱ ማውስ በሚለው ሴቲንግ ውስጥ ነው። መሞከሪያዬ ቀላል ነው፦ ማውሱን ሳታነሱ፣ ክርናችሁ ከጎናችሁ ሳይርቅ፣ የእጅ አንጓችሁም ወደ ጎን ሳይጣመም በአንድ ስበት ከስክሪኑ ጥግ እስከ ጥግ መድረስ አለባችሁ። ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ መስኮት መዝጊያዋን ኤክስ ሳትስቱ መንካት አለባችሁ። ሁለቱም እስኪሆን ድረስ አስተካክሉ።

የእጅ አንጓ መታጠፍ ላይ የማተኩረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንጓችን ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ፤ በእሱ ውስጥ የጣት ጅማቶችና አንድ ዋና ነርቭ ያልፋሉ። አንጓ ወደ ላይ ተቀልብሶ ሲቆይ መተላለፊያው ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ነርቩ ይጨቆናል። ምልክቱ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ መደንዘዝ ነው፤ ትንሿ ጣት ትቀራለች። ሌሊት ቀስቅሶ እጅ ያስራግፋል። ማውስ ብቻውን ያመጣዋል ማለቴ አይደለም። ስኳር፣ የታይሮይድ ማነስና እርግዝናም ያመጡታል። ለዚህ ነው "ማውስ ስለምጠቀም ነው" ብላችሁ ራሳችሁን ከመመርመር ማስቀረት የሌለባችሁ። ዕቃ ከእጅ መውደቅ ከጀመረ ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሟሸሸ ቶሎ መታየት አለበት፤ የቆየ የነርቭ ጉዳት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ሁለቴ መጫን የሚቸግራቸው ሰዎች አሉ፤ ጣታቸውን ሪህ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም የያዛቸው፣ ወይም ዕድሜያቸው የገፋ። ልጆቻቸው "አባዬ ፈጠን አድርገህ ተጫን እንጂ!" ይሏቸዋል። ችግሩ የአባዬ አይደለም፤ በሁለቱ ጭነት መሃል የሚፈቀደው ጊዜ አጭር ስለሆነ ነው። ከላይ በነገርኳችሁ አዲሽናል ማውስ ኦፕሽንስ ውስጥ በተንስ የሚለው ጋ የሁለቴ ጭነት ፍጥነት አለ፤ ወደ ስሎው ሳቡት። እዚያው ክሊክ ሎክ የሚባል አለ፤ አንዴ ትንሽ ያዝ አድርጎ መልቀቅ ጣት ተጭኖ እንደቆየ እንዲቆጠር ያደርጋል፣ ፋይል ለመጎተት ጣቱን አጥብቆ መያዝ ለሚያመው ሰው እረፍት ነው። ከሁለቴ ጭነት የሚገላግላችሁ ሌላም መንገድ አለ፦ አንዴ ነክታችሁ ኢንተር መጫን። አለቀ።

እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ጋ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያም ኢንሃንስ ፖይንተር ፕረሲዥን የሚለውን ራይት ማጥፋት ይጠቅማል። ስሙ "ትክክለኛነት ጨምር" የሚል ቢመስልም ሥራው እጅ ፈጠን ሲል ቀስቷን የበለጠ ማፍጠን ነው፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ንቅጥቅጡን ያባዛዋል። ማውሱ ጭራሽ አልታዘዝ ካለ ቀስቷን በቁልፍ መንዳት ይቻላል፦ በግራ በኩል ያሉትን አልትና ሺፍት ከነም ሎክ ጋር አንድ ላይ ተጫኑ፣ ለሚመጣው ጥያቄ የስ በሉ። ከዚያ በቁልፍ ሰሌዳው ቀኝ በኩል ያሉት ቁጥሮች ቀስቷን በየአቅጣጫው ይወስዷታል፣ 5 ደግሞ ይጫናል። ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይሠራል። ቁጥር ለብቻ የሌለው ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ግን አይሆንም።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት ግን እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል? ከቡና ብዛት፣ ከጫት፣ ለአስም ከሚወሰደው ሳልቡታሞል ሊሆን ይችላል። ከክብደት መቀነስ፣ ከልብ ምት መፍጠንና ሙቀት አለመቻል ጋር ከሆነ ታይሮይድ ከመጠን በላይ እየሠራ ይሆናል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒት አለው። ሲኒ ሲያነሱና ማውስ ሲያንቀሳቅሱ የሚብስ፣ በቤተሰብም የሚወረስ ዓይነት አለ። እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ የሚንቀጠቀጥ፣ በአንድ ጎን የጀመረ፣ ከእንቅስቃሴ መዝገምና ከእጅ ጽሑፍ ማነስ ጋር የመጣ ከሆነ ደግሞ ፓርኪንሰን ሊሆን ስለሚችል የነርቭ ሐኪም ይየው። "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም።

ግራኞች፣ እናንተን አልረሳሁም። በልጅነት "በቀኝህ ጻፍ" ተብላችሁ ያደጋችሁ ቢያንስ ማውሱን በወደዳችሁት እጅ ያዙ። ሴቲንግስ፣ ማውስ፤ ዋናው ቁልፍ ግራ ወይስ ቀኝ የሚል የመጀመሪያው መስመር ላይ አለ። ቀኝ እጃችሁን የሚያማችሁም ብትሆኑ ለጥቂት ሳምንታት ማውሱን ወደ ግራ አዙሩት። አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው፦ በቁልፍ ሰሌዳው ቀኝ በኩል የቁጥሮቹ ረድፍ ስላለ በቀኝ ያለ ማውስ ከሰውነት ይርቃል፣ ትከሻም ተከፍቶ ይውላል። በግራ ሲሆን ግን ማውሱ ሰውነታችሁ አጠገብ ይሆናል። ሦስት አራት ቀን እንደ ሕፃን ያደርጋችኋል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ለጌጥ የሚሆኑ ቀስቶችን ከኢንተርኔት ስለማውረድ አንድ ነገር ልበል። የአበባ፣ የልብ፣ የሚደንስ ድመት… ያምራሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ተንቀሳቃሽ ቀስቶችን የሚከፍትበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ በቀስት ፋይል በኩል ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባ ነበር፤ ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከመደበኛ ቀኑ ውጭ ማስተካከያ ለማውጣት ተገዷል። ያ ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ዛሬም ግን ነፃ ቀስት እንሰጣለን የሚሉ ድረ ገጾች ሌላ ፕሮግራም አብረው ይጭኑባችኋል። ለጤና የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ በነፃ አለ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ዝርዝሩን ቀይሬ ልንገራችሁ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ የሂሳብ ሰው ለደም ግፊት ክትትል መጣ። በጨዋታ መሃል "የቢሮው አይቲ ልጅ ይባረክ፣ ቀስቷን በየሦስት ወሩ ያሳድግልኛል" አለኝ። በየሦስት ወሩ? "አዎ፣ አሁንም በግራ በኩል ስትሄድ ትጠፋብኛለች።" አንድ ዓይኑን እንዲሸፍን አድርጌ ጣቴን በየአቅጣጫው አሳየሁት። በአንዱ ዓይኑ ከመሃል ውጭ ያለውን አያይም ነበር። ዓይን ክፍል ላክሁት፤ ግላኮማ ነበር፣ በአንዱ ዓይን በጣም የገፋ።

ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የሚጀምረው ከዳር ነው፤ መሃሉ እስከ መጨረሻው ደህና ስለሚቆይ ሰውየው ያነባል፣ መኪና ይነዳል፣ የጠፋበትን አያውቅም። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ደግሞ የባሰ ይደበቃል። የጠፋው እይታ አይመለስም፤ በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና የሚድነው የቀረው ነው። ለዚህ ነው ቀስትን ማሳደግ መልካም ሆኖ ሳለ የሚያስፈራኝ፤ ክራንች የተሰበረ እግርን ያስኬዳል እንጂ አይጠግንም።

ስለዚህ ቀስቷን ባስተካከላችሁ ቀን ይህንን አብራችሁ አድርጉ። መነጽር ካላችሁ አድርጉ። ቀኝ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሳትጫኑ ሸፍኑ፣ የስክሪኑን መሃል እያያችሁ ማውሱን ቀስ ብላችሁ በአራቱም ማዕዘን አዙሩ። ከዚያ በሌላው ዓይን። ቀስቷ በአንዱ ዓይን ከሌላው በጣም ደብዝዛ ከታየች፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሳ ከጠፋች፣ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ከተወላገደባችሁ ዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህ ምርመራ አይደለም፤ ደህና ሆኖ ቢታይም ግላኮማ የለም ማለት አይደለም። ከአርባ ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ በቤተሰብ ግላኮማ ያለባችሁ፣ ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ምንም ሳይሰማችሁም የዓይን ግፊትና የዓይን ጀርባ መታየት አለበት። ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ።

ቀስቷን በተደጋጋሚ የምታሳድጉ፣ መብራት የሚበተንባችሁ፣ ቀለም የፈዘዘባችሁ ከሆነ ደግሞ ሞራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ሞራ ነው። በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፣ ሰውየውም ያያል። ለዚህ ችግር 15 ቁጥር ቀስት መልስ አይደለም።

ድንገት የሚመጡት ግን ቀጠሮ አይጠብቁም፦ ድንገተኛ የእይታ መጥፋት፣ መጋረጃ እንደወረደ መሰማት፣ ብልጭታና የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጥቦች መብዛት፣ ከማቅለሽለሽ ጋር ቀልቶ በጣም የሚያም ዓይን፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት። እንዲህ ሲሆን በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው።

የመጨረሻው ለቢሮ ሰዎች። ማስተካከያው የሚቀመጠው በገባችሁበት ስም ስለሆነ ኮምፒውተር የምትጋሩ ሰዎች እያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ስም ግቡ፣ አለበለዚያ ጠዋት ያስተካከላችሁትን ከሰዓት ሌላው ያፈርሰዋል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሴቲንጉን ይቆልፋል። አይቲ ክፍል ሄዳችሁ "ትልቅ ቀስት ፈልጌ ነበር" ስትሉ ሊሳቅባችሁ ይችላል፤ "የጤና ጉዳይ ነው፣ አክሰሰቢሊቲ ክፈቱልኝ" በሉ። የዓይን ወይም የእጅ ጉዳት ያለባችሁ ከሆነ አካል ጉዳተኞች ሥራ ላይ ያላቸውን መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ወረቀት ከጠየቋችሁ የሚከታተላችሁን ሐኪም ጠይቁት፤ የሕክምና ማስረጃ ላይ "ትልቅና ጎላ ያለ የማውስ ቀስት ያስፈልጋቸዋል" ብሎ መጻፍ ይቻላል። እኔ ጽፌ አውቃለሁ።